ስለ ጠጕር ማጠቢያ ቅጠሎችና «የተፈጥሮ ኮንዲሽነር» ስለ ተባለው ስም

በኢትዮጵያ በብዙ ስፍራ ጠጕርን በቅጠል ማጠብ ከጥንት ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው። በቆላው አገር የቁርቁራና የሰሊጥ ቅጠል፥ በሌላውም ስፍራ እሬት፥ ተልባና አብሽ ለዚሁ አገልግሎት ሲውሉ ኖረዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ይህ ልማድ አዲስ ስም አግኝቷል። ቅጠሉ ደርቆና ተወቅጦ በከረጢት ሲሸጥ፥ ወይም ተዘፍዝፎ ውሃው በጠርሙስ ሲቀርብ «የተፈጥሮ ኮንዲሽነር» ተብሎ ይጠራል። ስለ ዕፅዋት ጥቅም በሚጻፈውም ጽሑፍ ውስጥ ይኸው አጠራር እየተለመደ ሄዷል።

ስሙ ላይ ላዩን ሲያዩት የአገሩን ዕውቀት የሚያከብር ይመስላል። ለብዙ ዘመን የኋላ ቀር ልማድ ሲባል የቆየው ነገር ዛሬ ከፋብሪካ ዕቃ ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ መቀመጡ እንደ ሹመት ሊቈጠር ይችላል። ነገር ግን ስም መጠሪያ ብቻ ሳይሆን መስፈሪያም ነው። አንድን ነገር የሌላው ምትክ ነው ብሎ የጠራ ሰው፥ ነገሩን በገዛ ሥራው መመዘኑን ትቶ በሌላው ሥራ ለመመዘን ተስማምቷል ማለት ነው። ማርን በቁና የሚሰፍር ሰው ቁናውንም ማሩንም ያበላሻል።

ስለዚህ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ «ቅጠሉ ከኮንዲሽነር ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» የሚለው አይደለም። ከዚያ በፊት፥ ቅጠሉ ኮንዲሽነር የሚሠራውን ሥራ ይሠራ ዘንድ የታሰበ ነበረ ወይ? ካልነበረስ፥ በአዲሱ ስም ሲጠራ ምን ይጐድልበታል? ተብሎ መጠየቅ አለበት።

የኮንዲሽነር ሥራ

ጠጕር ከራስ ቆዳ ከወጣ በኋላ ሕይወት የሌለው ነገር ነው። ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ሲሆን፥ የውጭ ገጹ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ እጅግ ጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። እነዚህ ቅርፊቶች ተኝተው ሲገኙ ጠጕሩ ይለሰልሳል፥ ያብረቀርቃልም። ተነሥተው ሲቆሙ ግን አንዱ ጠጕር ከሌላው ጋር ይያያዛል፤ ሚዶም ሲገባበት ይበጠሳል።

ሳሙና በባሕርዩ ወደ አልካሊ ያደላ ስለ ሆነ ቅርፊቶቹን ያስነሣል። ውሃውም ኖራ የበዛበት እንደ ሆነ፥ ሳሙናው ከኖራው ጋር ተዋሕዶ በጠጕር ላይ የሚጣበቅ ደብዛዛ ሽፋን ይተዋል። በአውሮጳ ጠጕራቸውን በሳሙና ያጥቡ የነበሩ ሴቶች በመጨረሻ በሆምጣጤ ወይም በሎሚ ውሃ ማለቅለቃቸው ስለዚህ ነበር። ኮምጣጣው ውሃ የሳሙናውን ሽፋን ያነሣል፤ የቆሙትንም ቅርፊቶች መልሶ ያስተኛል። እንግዲህ ይህ የሆምጣጤ ውሃ ከሳሙና ጕድለት የተወለደ ብልሃት ነው።

በ1930ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) ከሳሙና ያልተሠሩ አዳዲስ ማጠቢያዎች ለገበያ ቀረቡ። እነዚህ በኖራ ውሃ ውስጥ እንኳ ሽፋን አይተዉም፤ ነገር ግን ቆሻሻውን ሲያነሡ የጠጕሩን የገዛ ቅባት አብረው ይወስዳሉ። ዛሬ ኮንዲሽነር የሚባለውም የእነዚሁ ማጠቢያዎች ባልንጀራ ሆኖ ተስፋፋ። ዋነኛ ንጥረ ነገሩ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ሲሆን፥ የጠጕር ገጽ በተለይ በተጐዳበት በኩል አሉታዊ ሙል ስለሚይዝ፥ ሁለቱ ይሳሳቡና ንጥረ ነገሩ በውሃ ከተለቀለቀም በኋላ በጠጕሩ ላይ ይቀራል።

ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር አንድ ነው። ኮንዲሽነር ራሱን ችሎ የቆመ ዕቃ አይደለም። ከእርሱ በፊት ያለ ሌላ ዕቃ ያመጣውን ጕድለት ለመሙላት የተበጀ ነው። በአንድ የአጠባበቅ ሥርዓት ውስጥ የተወሰነ ስፍራ አለው፤ ከዚያ ሥርዓት ውጭ ትርጕሙ ይጠብባል። ይህ ለፋብሪካው ዕቃ እውነት ከሆነ ለቅጠሉም እውነት መሆን ይገባዋል።

የቅጠሎቹ ሥራ

የመጀመሪያው ስሕተት «የቅጠል ውሃ» የተባለውን ሁሉ አንድ ነገር አድርጎ መቍጠር ነው። ቅጠሎቹና ፍሬዎቹ በሥራቸው ቢያንስ በሦስት ወገን ይከፈላሉ።

አንደኛው ወገን አረፋ የሚሰጠው ነው። የቁርቁራ ቅጠል (በአንዳንድ ስፍራ ገባ ይሉታል) ደርቆና ደቆ በውሃ ሲመታ አረፋ ያወጣል። አረፋው ሳፖኒን ከሚባለው ንጥረ ነገር የሚመጣ ሲሆን፥ ሥራውም ቅባትንና ቆሻሻን ከጠጕር ማላቀቅ ነው። እንግዲህ ቁርቁራ በሥራው የሚመሳሰለው ከሻምፑ ጋር እንጂ ከኮንዲሽነር ጋር አይደለም። ከሳሙና ይልቅ ለስለስ ያለ ማጠቢያ ስለ ሆነ ጠጕሩን ፈጽሞ አያደርቀውም፤ ይህም ልስላሴ «ኮንዲሽነር ነው» ለሚለው አስተያየት ምክንያት ሳይሆን አልቀረም። ነገር ግን የሚያጥብ ነገር ረጋ ብሎ ስላጠበ ቅባት ሰጠ ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ወገን የሚያሟልጨው ነው። የሰሊጥ ቅጠል በውሃ ውስጥ ሲታሽ፥ ተልባም ሲፈላ፥ አብሽም ሲዘፈዘፍ፥ ውሃውን ወፍራምና አሟላጭ ያደርጉታል። ይህ ፈሳሽ በጠጕር ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ የተያያዘውም ጠጕር በጣት ሲፈታ ሳይበጠስ ይለያያል። በዚህ ወገን ረገድ «ኮንዲሽነር» የሚለው አጠራር ፈጽሞ ሐሰት ነው ማለት አይገባም፤ የሚታየው ውጤት በእርግጥ ይቀራረባልና። ይሁን እንጂ አሠራሩ ይለያል። አሟላጩ ሽፋን በውሃ የሚነሣ ሲሆን፥ የፋብሪካው ንጥረ ነገር ግን ከተጐዳው ገጽ ጋር ተሳስቦ የሚቀር ነው። ስለዚህም የተልባ ውሃ የሚመሰገነው ጠጕር በሚፈታበትና በሚሠራበት ሰዓት ነው እንጂ፥ በቀለም ወይም በእሳት የተቃጠለን ጠጕር ይጠግናል ተብሎ አይደለም።

ሦስተኛው ወገን የሚያሸተው ነው። በዚህ ረገድ አደስን የሚያህል የለም። ነገር ግን አደስ በአገሩ ልማድ ዋነኛ ስፍራው በማለቅለቂያው ውሃ ውስጥ ሳይሆን በቅቤው ውስጥ ነው። ይህ ነጥብ ቀላል አይደለም፤ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ የሚገኘው በዚሁ ነውና።

ቅቤውና እጁ

ቅጠሉን ብቻ ነጥሎ የሚያወድስ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ቅቤውን ይዘላል። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። ቅጠል ንጹሕ፥ አረንጓዴና ለዓይን ደስ የሚል ነው፤ በከረጢት ለመሸጥም ይመቻል። በራስ ላይ የተቀመጠ ለጋ ቅቤ ግን ይቀልጣል፥ ይሸታል፥ ልብስም ያበላሻል። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ሰፊ ክፍል ጠጕርን የማለስለሱን ሥራ የሚሠራው ቅቤው ነው።

ጠጕር እየተጠቀለለ በሄደ መጠን ከራስ ቆዳ የሚወጣው ቅባት ወርዶ እስከ ጫፉ መድረስ ያቅተዋል። ቀጥ ብሎ በወረደ ጠጕር ላይ ቅባቱ በቀላሉ ሲወርድ፥ በተጠቀለለው ላይ ግን ከሥሩ አጠገብ ይቀርና ጫፉ ይደርቃል። ለዚህ ድርቀት አገሩ ያገኘው መልስ ቅጠል ሳይሆን ቅቤ ነው። በአደስ የታሸው ለጋ ቅቤ በራስ ላይ ይደረጋል፤ በሰውነት ሙቀትና በፀሐይ ቀልጦ ወደ ጫፍ ይወርዳል፤ ጠጕሩም በሹሩባ ወይም በጕንጕን ተይዞ ከንፋስና ከመያያዝ ይጠበቃል።

ቀናት ካለፉ በኋላ ቅቤው አቧራ ይይዛል፤ ሽታውም ይለወጣል። ያን ጊዜ ሹሩባው ይፈታል፤ ቅጠሉም ተራው ይደርሳል። ሥራውም አሮጌውን ቅቤ ማንሣት ነው። አረፋ የሚሰጠው ቅጠል ለዚህ የተስማማ ነው፤ ቅባቱን ያላቅቃል እንጂ እንደ ጠንካራ ሳሙና ጠጕሩን ራቁቱን አያስቀረውም። ከዚያ በኋላ እንደ ገና ቅቤ፥ እንደ ገናም ሹሩባ ይከተላል።

እንግዲህ ሥርዓቱ አንድ ክብ ነው። ቅጠሉ ያጥባል፥ ቅቤው ያለሰልሳል፥ የሠሪዋም እጅ ይጠብቃል። ኮንዲሽነር የተባለው ዕቃ የሚሠራው ሥራ በዚህ ክብ ውስጥ ለሦስት ተከፋፍሎ ይገኛል እንጂ ለቅጠሉ ብቻ አልተሰጠም። ቅጠሉን ከክቡ አውጥቶ፥ በሻምፑ ታጥቦ በደረቀ ጠጕር ላይ አፍስሶ፥ ቅቤም ሹሩባም ሳይከተለው «ለስልስ!» ብሎ ማዘዝ፥ አንዱን በሬ ብቻውን ጠምዶ እርሻው ለምን ጠመመ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

የእጁም ነገር ሊዘለል አይገባም። በዚህ ልማድ ጠጕርን ማጠብና መሥራት ሰው ብቻውን የሚፈጽመው ሥራ አይደለም። ልጅ በእናቷ ጕልበት መካከል ትቀመጣለች፤ ጎረቤት ለጎረቤት ትሠራለች፤ ሙሽራ በሚዜዎቿ እጅ ትዘጋጃለች። ውሃው ስንት ጊዜ እንደሚፈስስ፥ ቅጠሉ ምን ያህል እንደሚበቃ፥ ዓይን እንዳይነካ ራስ ወዴት እንደሚዘነበል የሚታወቀው በዚያ መቀመጫ ላይ ነው። ጠርሙሱ ቅጠሉን ሲወስድ ይህን ሁሉ ሊወስደው አልቻለም።

ከዚህም በላይ የጠጕር አያያዝ የዕድሜና የኑሮ ምልክት ነበረ። የወንድ ልጅ ቍንጮ፥ የልጃገረድ ሳዱላ፥ የጀግና ጎፈሬ እያንዳንዳቸው ጠጕሩ መቼ እንደሚላጭ፥ መቼ እንደሚያድግና መቼ እንደሚቀባ ይወስኑ ነበር። ሐዘን የደረሰበት ሰው ቅባቱን ይተዋል፤ ሠርግና በዓል ሲመጣ ቅቤው ይመለሳል። በደቡብ ኦሞም የሐመር ሴቶች ጠጕራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር ለውሰው መያዛቸው፥ «ማጠብ»ና «ማለስለስ» ብሎ ሥራውን በሁለት ጠርሙስ መክፈል በሁሉም ዘንድ የተለመደ አለመሆኑን ያሳያል።

ቁርቁራም ቢሆን ከጠጕር ያለፈ ስፍራ አለው። በእስልምና ሥርዓት አስከሬን የሚታጠብበት ውሃ የሲድር ቅጠል የሚገባበት ሲሆን፥ ቁርቁራ ከዚሁ ወገን ነው። የዛፉ የሳይንስ ስም ደግሞ የክርስቶስ እሾህ ማለት ነው፤ ይህም የእሾህ አክሊሉ ከእርሱ ተጐነጐነ ከሚለው ትውፊት የመጣ ነው። በሕይወት ያለውን የሚያጥበው ቅጠል የሞተውንም ያጥባል። «ኮንዲሽነር» በሚለው ስም ውስጥ ለዚህ ነገር መግቢያ በር የለውም።

የሁለቱ ወገኖች ስሕተት

ስለዚህ ጕዳይ የሚነገረው በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ወገን የቅጠሉን ውሃ ለሁሉ ነገር ፈዋሽ ያደርገዋል፤ ጠጕርን ይመግባል፥ ያበዛል፥ ያረዝማል ይላል። ሁለተኛው ወገን ልማዱን በሙሉ ይንቃል፤ ቅቤውን ቆሻሻ፥ ቅጠሉን ድኽነት አድርጎ ያየዋል። ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ፤ የያዙት መስፈሪያ ግን አንድ ነው። አንደኛው «ከጠርሙሱ ይበልጣል» ሲል፥ ሁለተኛው «ከጠርሙሱ ያንሳል» ይላል። ጠርሙሱን ግን ከመካከል ያነሣ የለም።

የአድናቂዎቹ ወገን ብዙ ጊዜ የአንዱን ነገር ማስረጃ ለሌላው ያውላል። ለዚህ የጥብስ ቅጠል ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2015 የታተመ አንድ ጥናት፥ በዘር የሚመጣ የጠጕር መመለጥ የደረሰባቸውን 100 ሰዎች በሁለት ከፍሎ፥ ለአንደኛው ክፍል የጥብስ ቅጠል ዘይት፥ ለሁለተኛው ሚኖክሲዲል የተባለውን መድኃኒት በ2 በመቶ መጠን ለ6 ወር ሰጥቶ፥ በመጨረሻ በሁለቱ መካከል ጕልህ ልዩነት አለማግኘቱን ገልጧል። ይህ የተነገረው ስለ ዘይቱ ነው፤ ዘይቱም ከብዙ ቅጠል ተጣርቶ የሚወጣና በራስ ቆዳ ላይ የሚቆይ ነው። ቅጠሉን አፍልቶ ጠጕርን ማለቅለቅ ሌላ ነገር ነው፤ ድርቀትም ከመመለጥ የተለየ ነው። ሆኖም ያ ጥናት ለቅጠሉ ውሃ ምስክር ተደርጎ ሲጠቀስ ይሰማል። ጠጕር ከወጣ በኋላ ሕይወት የሌለው ነገር ስለ ሆነ «ይመግበዋል» የሚለውም ቃል የሚያስደስት ነው እንጂ እውነት አይደለም።

«የተፈጥሮ ነውና አይጐዳም» የሚለው አነጋገር ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ለዚህ እንዶድን ማስታወስ ይበቃል። የእንዶድ ፍሬ ተወቅጦ ልብስ ሲታጠብበት የኖረ ሳሙና ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ቀንድ አውጣዎቹ ቢልሃርዝያ የተባለው በሽታ የሚተላለፍባቸው ስለ ነበሩ፥ ይህ ምልከታ የረዥም ምርምር መጀመሪያ ሆነ፤ ለዚሁም ሥራ አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

ይህ ታሪክ ለያዝነው ነገር ሁለት ትምህርት ይሰጣል። አንደኛው፥ በእንዶድ ውስጥ ቀንድ አውጣውን የሚገድለውና ልብሱን የሚያነጻው ሳፖኒን መሆኑ ነው። ሳፖኒን ያለበት ዕፅ ሁሉ እኩል ብርቱ አይደለም፤ የቁርቁራ አረፋና የእንዶድ አረፋ በስም ቢገናኙም በጕልበት ይራራቃሉ። የእንዶድ ውሃ ዓይንን ክፉኛ ያቃጥላል። በአንድ ዝርዝር ውስጥ ቁርቁራም «ማጠቢያ»፥ እንዶድም «ማጠቢያ» ተብለው ጎን ለጎን ከተጻፉ፥ ከዚያ መቀመጫ ያልተማረው አንባቢ በምን ይለያቸዋል?

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ባለቤትነት ነው። በአድዋ ወንዝ ላይ ያጥቡ የነበሩት ሴቶች የትኛው ፍሬ እንደሚያጥብና እንዴት እንደሚዘጋጅ ያውቁ ነበር። ሳይንቲስቱ ያንን ሥራ በማየታቸው አዲስ ዕውቀት ወለዱ፤ ለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል። የሴቶቹ ስም ግን ለመዝገብ አልደረሰም። የጠጕር ቅጠል ዛሬ ወደ ገበያ ሲወጣ ይኸው ነገር እንዳይደገም ማሰብ ያስፈልጋል።

የሚንቀው ወገን ደግሞ አንድ ነገር ይስታል። ቅቤውን ቆሻሻ የሚያደርገው የሚነሣበት ጊዜ ሲዘነጋ ነው፤ ልማዱ ግን የማንሻውን ቅጠል አብሮ አዘጋጅቷል። ክቡ ሳይጓደል ከተጠበቀ ቅቤው ከማንኛውም የራስ ቅባት የተለየ ነውር የለበትም። እውነተኛው ችግር ከክቡ ግማሹን ብቻ መያዝ ነው፤ ይኸውም ቅቤ ያለ ቅጠል፥ ወይም ቅጠል ያለ ቅቤ።

በጠርሙስ ስለሚሸጠው የቅጠል ውሃም አንድ ማስጠንቀቂያ ይገባል። በቤት የሚዘጋጀው ውሃ በዚያው ቀን ተዘፍዝፎ በዚያው ቀን የሚያልቅ ነው። መጠበቂያ ያልተጨመረበት የዕፅ ውሃ ሲሰነብት ሻጋታና ባክቴሪያ ያበቅላል። በአገሩ ልማድ ይህ አደጋ ያልነበረው ቅጠሉ ቅዱስ ስለ ሆነ ሳይሆን የሚያድር ነገር ስላልነበረ ነው። እንዲያድር የሚፈልግ ሰው የፋብሪካውን መጠበቂያ መጨመር ግድ ይሆንበታል፤ ያን ጊዜ «የተፈጥሮ» የሚለው ቃል በከረጢቱ ላይ ብቻ ይቀራል።

የመዝገቡ ጕድለት

ይህ ሁሉ ግራ መጋባት ከነጋዴ ብቻ የመጣ ነው ማለት ፍርድ ማጓደል ይሆናል። የሊቃውንቱም መዝገብ ድርሻ አለበት። ስለ ኢትዮጵያ የዕፅ መድኃኒት የተጻፉት ታላላቅ ሥራዎች፥ ለምሳሌ ማርሴል ግሪዮል በ1930 ያሳተሙት የአንድ ደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ፥ ስቴፋን ስትሬልሲንም በ1968 ያወጡት የኢትዮጵያ የሕክምና ድርሳናት ጥናት፥ መነሻቸው የብራና ጽሑፍ ነው። ብራናውን የጻፉት ደብተሮች ናቸው፤ የጻፉትም ሊጻፍ የሚገባው ነው ብለው ያመኑበትን ነው። ጠጕር የማጠቡ ዕውቀት ግን የእናቶች ነበረ፤ የተላለፈውም በቃልና በእጅ ነው። ስለዚህ የብራናው ሊቅ ምንም ያህል ትጉህ ቢሆን፥ ይህን ዕውቀት በሙላት ከብራናው ሊያገኘው አይችልም።

የዘመኑ የዕፅዋት ጥናት ይህን ጕድለት ለመሙላት ወደ ባለቤቶቹ መሄዱ የሚመሰገን ነው። በ2025 የታተመው ስለ አፋር ሕዝብ የጠጕርና የቆዳ እንክብካቤ ዕፅዋት የተደረገው ጥናት 17 የዕፅዋት ዓይነቶችን መዝግቦ፥ ከእነርሱም ቁርቁራንና ሰሊጥን ከዋነኞቹ መካከል አግኝቷቸዋል። ተጠቃሚዎቹን ራሳቸውን ጠይቆ መጻፉ ከብራና ብቻ ከመገልበጥ እጅግ ይሻላል።

ይሁን እንጂ እንደዚህ ያሉ ጥናቶች ሁሉ የሚከተሉት የሰንጠረዥ ልማድ አለ። የዕፁ ስም፥ የሚወሰደው ክፍል፥ የአዘገጃጀቱ ዓይነትና ጥቅሙ በየዓምዱ ይሰፍራል፤ በመጨረሻው ዓምድ ውስጥ «ለጠጕር» የሚል አንድ ቃል ይገባል። ሰንጠረዡ ለዕፅዋት ሊቅ ይበቃል፤ ለሕዝብ ልማድ ሊቅ ግን አይበቃም። «ለጠጕር» የሚለው ቃል ማጠብን፥ ማላቀቅን፥ ማሟለጥን፥ ማሽተትን፥ ፎረፎር ማስወገድን፥ ቅማል መግደልንም በአንድነት ሊይዝ ይችላልና። ያንን ሰንጠረዥ ያነበበ ነጋዴ የወደደውን ትርጕም መርጦ በከረጢት ላይ ቢጽፍ፥ መዝገቡ ራሱ በሩን ከፍቶለታል።

ሊመዘገብ የሚገባው ምንድን ነው? ቅጠሉ ከምን በኋላና ከምን በፊት እንደሚመጣ፤ በጠጕሩ ላይ አስቀድሞ ቅቤ እንደ ነበረና እንዳልነበረ፤ ውሃው ምን ያህል እንደ ሆነ፤ ቅጠሉ ታጥቦ የሚወጣ ወይም በራስ ላይ የሚቀር መሆኑ፤ ማን ማንን እንደሚያጥብ፤ በየትኛው ቀን፥ በየትኛውም ዕድሜ እንደሚደረግና መቼ እንደሚከለከል ነው። ውሃ በሚቸግርበት ምድረ በዳ በራስ ላይ የሚቀር ቅጠልና፥ ወንዝ ዳር ተፈትቶ የሚለቀለቅ ቅጠል፥ ዕፁ አንድ ቢሆንም ልማዱ ሁለት ነው። እነዚህ ነገሮች ከሌሉ የተመዘገበው ዕፅ ነው እንጂ ልማድ አይደለም።

መደምደሚያ

ስለ አዲሱ ስም የሚቀርብ መከራከሪያ አለ፤ እርሱም ቸል የሚባል አይደለም። ስሙ ወጣቶችን ወደ ተዉት ልማድ ይመልሳል፤ ቅጠል ለቅመው ለሚሸጡ ሴቶችም ገቢ ያስገኛል። «የቁርቁራ ቅጠል» ብሎ የማይገዛ ሰው «የተፈጥሮ ኮንዲሽነር» ቢሉት ይገዛል። ይህ እውነት ነው፤ በገበያም ቋንቋ ማንም ሊከለክለው አይችልም።

ነገር ግን ዋጋው መታወቅ አለበት። ምትክ ተብሎ የተጠራ ነገር ዋናው ሲረክስ ወይም ሲሻሻል የሚጣል ነው። የፋብሪካው ዕቃ ዋጋው የቀነሰ ቀን፥ ወይም አንድ ምርምር «ቅጠሉ እንደ ኮንዲሽነር አይሠራም» ብሎ በትክክል የወሰነ ቀን፥ ቅጠሉ ባልገባበት ክርክር ተረትቶ ይወጣል። ያን ጊዜ የሚጠፋው ቅጠሉ ብቻ አይሆንም። ቅቤውን ከቅጠሉ፥ ቅጠሉን ከእጁ፥ እጁንም ከቀኑ ጋር አስማምቶ የያዘው ዕውቀት አብሮ ይጠፋል። ብራና ላይ ስላልተጻፈም የሚመለስበት መንገድ አይኖረውም።

ስለዚህ ለገበያው የገበያውን ስም መተው ይቻላል። በጥናትና በመዝገብ ውስጥ ግን ቅጠሉ በገዛ ስሙና በገዛ ሥራው ሊጠራ ይገባል። ቁርቁራ ያጥባል፤ ሰሊጥና ተልባ ያሟልጫሉ፤ አደስ ያሸታል፤ ቅቤ ያለሰልሳል፤ ሹሩባ ይጠብቃል። ይህን አከፋፈል ያወቁት ሴቶች አብዛኞቹ ዛሬ አርጅተዋል። ጠያቂ ሊደርስባቸው የሚገባውም ቅጠሉን ብቻ ተቀብሎ ሊመለስ ሳይሆን፥ ጠጕር ሲፈታ፥ ሲታጠብና ሲሠራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ሊያይ ነው።